የሦስት ወር ዋስ

ዓለም ከተማ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወርቁ፣

በሰው አገር የሚያኖርዎ አምላክ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ። የልጅዎ የሮማነወርቅና የልጇ ደኅንነትም ያሳስበኛል። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ስልክ ከነሐሴ ጀምሮ ስለማይሠራ ነው በወረቀት የመጣሁብዎት። ደብዳቤውን አዲስ አበባ የምትሄድ ጎረቤቴ ይዛ፣ ወደ እናንተ አገር ለሚበር ሰው ታስረክባለች።

ምናልባት ስሜ ጠፍቶብዎት ከሆነ፣ እኔ ቀጸላ ነኝ፤ የአክስትዎ ልጅ የበድሉ ልጅ። በዓይን ተያይተን አናውቅም። በ1970 አባቴንና እርስዎን ለሦስት ወር ብለው በሚሊሺያ ሲወስዷችሁ እናቴ ብዙዬ እኔን አምስት ወር አርግዛ ነበር።

እናቴ ከሐምሌ ጀምሮ ከአልጋ አልወረደችም። ጉበቷ ነው ብለውናል። ሌላ ነገር አትናገርም፤ «የበድሉ ፍትሐት ሳይደረግ እንዴት እሞታለሁ» ብቻ ነው የምትለው። አባ ባስልዮስን ለመንናቸው። እሳቸው ደግሞ መሞቱን ያየ ሰው ሳይመሰክር አልፈታም አሉ። ከጦሩ የመጣው ወረቀት የሚለው ከድቶ ጠፋ ነው። የጠፋ ሰው የመን ይሁን ሱዳን ሊኖር ይችላል፤ በቁሙ ላለ ሰው የሙት ጸሎት አይደረግም አሉ።

ከእኛ አገር አብረውት ከሄዱት የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያዩትን ያህል አስጽፈው፣ የጣት አሻራዎን አኑረው ይላኩልኝ። ሌላ የማስቸግርዎ ነገር የለኝም።

አክባሪዎ ቀጸላ በድሉ


አውሮራ፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለቀጸላ፣

ወረቀትሽ እጄ ገብቷል። ለአንቺም፣ ለእናትሽም፣ ለደጃፋችሁም ሰላም ይውረድ። እኔ ደኅና ነኝ። ደረጃ ላይ ጉልበቴ ያምፅብኛል እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል። ቻምበርስ ሮድ በሚባል መንገድ ከልጄ ከሮማነወርቅ ጋር ነው የምኖረው። እሷ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ስትሠራ ውላ ትመጣለች። ልጇ ሔቨን በእንግሊዝኛ ታዋራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ። ተግባብተናል።

ይህን የሚጽፍልኝ እንዳሻው ይባላል። ዴንቨር መሀል ከተማ፣ የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት አብሮኝ ነበር። እኔ እንደምታውቂው ፊደል አልቆጠርሁም። አላፍርበትም። የተማሩት ቲኬት ሲያሳስቱ እኔ አንድ ቀን አሳስቼ አላውቅም፤ መኪናውን በመልኩ፣ ሰውየውን በአረማመዱ አውቀው ነበር። እንዳሻው፣ ይህንንም ጻፈው፤ ምን ያስቅሃል።

ወደ ጠየቅሽኝ ነገር ልምጣ። መስከረም ሃያ ቀን ነው ከአገር የወጣነው። የሦስት ወር ናችሁ ተባልን። መደበኛው ጦር ወደ ፊት ሲገፋ፣ ምጽዋ ባሕሩ ዳር ያለውን አሮጌ የቱርክ ምሽግ እኛ እንድንጠብቅ ነው። ሦስት ወር ሲሞላ ሌላ ሚሊሺያ ይተካናል፤ ለአጨዳው ባንደርስ ለውቂያው እንደርሳለን። እንዲህ ተብለን ነው የሄድነው። ተገድደን አይደለም፣ እኔ በበኩሌ በገዛ እግሬ ነው የሄድሁት።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ከዘመዱ ዋስ እንዲጠራ ተደረገ። በድሉ እኔን ጠራ፣ እኔ በድሉን ጠራሁ። ሰውየው ቢጠፋ በእሱ ፈንታ እኔ እጠየቃለሁ ማለት ነው።

የቀረው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። ጥር አሥራ አራት፣ በአቡነ አረጋዊ ዕለት፣ በድሉ ከምሽጉ የለም ተባለ። ዋሱ ስለሆንሁ ጠየቁኝ፣ መለስሁ። ለዚያም ተገርፌአለሁ። ምልክቱ ጀርባዬ ላይ አለ፣ ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጣቴን አላኖርም። ለአባ ባስልዮስ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።

ለእናትሽ ብርድ ልብስ ልኬአለሁ። የዚህ አገር ነው፣ ይሞቃል።

ወርቁ


ዓለም ከተማ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ወርቁ፣

እንደ ምን ከርመዋል? ለጉልበትዎ ምሕረቱን ይላክልዎ። ብርድ ልብሱ ደርሷል። እናቴ ከማን እንደሆነ ጠየቀችና ነገርኋት። «ከእግሬ ላይ አድርጉልኝ» አለች፤ እግሯ ላይ ነው።

ደብዳቤዎን አነበብሁላት። ተገርፌአለሁ ያሉት ላይ ስደርስ እንድደግመው አደረገችኝ።

ጋሼ ወርቁ፣ ልወቅስዎ አይደለም የምጽፈው። እርስዎ ወደዚህ ስላልተመለሱ የማያውቁት ስላለ ነው። ያ ወረቀት ሚያዝያ ላይ መጣ። እኔ ያን ጊዜ የሦስት ወር ልጅ ነበርሁ። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነበበ፤ የወንዝ ዳሯ መሬታችን ለሌላ ሰው ተሰጠች። እናቴ ልታለቅስ ብትል ጎረቤቱ ከለከላት፤ በቁሙ ላለ ሰው አይለቀስም ተባለ። ባሏ ሞቶባት ጥቁር አልለበሰችም። ሌላ ባል ታግባ ሲባል ደግሞ ባለ ባል ናት ተባለች። ትምህርት ቤት እኔን ልጆቹ «አባትሽ እየዋኘ የመን ደረሰ ወይ?» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪውም ሳቀ።

አሁን ይህ ሁሉ አልፏል። መሬቱን የሚጠይቅ የለም። የምንጠይቅዎ ትንሽ ነገር ነው፤ ሞቷል ብለው ብቻ ይላኩልን። እንዴት እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ አንጠይቅዎትም። እናቴም እኔም ቃል እንገባለን።

ቀጸላ


አውሮራ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለቀጸላ፣

ሰላም ለቤታችሁ። እዚህ በረዶው ጉልበት ድረስ ነው፤ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

ስለ መሬቱ አላውቅም ነበር።

የፈለጋችሁትን ልኬአለሁ። ሌላኛው ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ «እኔ ወርቁ፣ የአክስቴ ልጅ በድሉ ጥር 14 ቀን 1970 ዓ.ም. በምጽዋ መሞቱን አውቃለሁ።» ከሥሩ አውራ ጣቴ አለ። እንዳሻው፣ እዚህ አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም ብሎኝ፣ በመኪናው ወስዶ የገበያው መደዳ ውስጥ ካለች ኖተሪ፣ ወረቀት አረጋጋጭ፣ ዘንድ አደረሰኝ። ሴትዮዋ መታወቂያዬን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ማኅተሟን መታች። ምን እንደሚል አላወቀችም። «ሥራዋ እርስዎ እርስዎ መሆንዎን ማየት ነው፤ የተጻፈው አያገባትም» አለኝ እንዳሻው።

አንጠይቅም ብላችኋል። ቃላችሁን ጠብቁ።

ወርቁ


ዓለም ከተማ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ወርቁ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። በዓሉን በዝምታ ነው ያሳለፍነው፤ እናቴ አሁን ከአጥሚት በቀር የሚወርድላት ነገር የለም።

ወረቀትዎን ለአባ ባስልዮስ ወሰድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የጦሩን አሮጌ ወረቀት አምጪ አሉኝና ሁለቱን ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው።

«ይኸው ልጄ» አሉኝ፤ «ይሄኛው ጥር አሥራ አራት ከዳ ይላል፣ ያኛው ጥር አሥራ አራት ሞተ ይላል። መክዳቱን ያየ ሰው መሞቱን አላየም፤ መሞቱን ያየ ሰው መክዳቱን አላየም። ወርቁ የትኛውን ነው ያየው?»

ወረቀቶቹን እንደያዙ ቀጠሉ።

«ያየውስ ከሆነ ማን ቀበረው? የት ቀበረው? ደግሞ በየዓመቱ የምናስበው በሞተበት ቀን ነው። እኔ በውሸት ቀን ከመቅደስ አልቆምም። ለእናትሽማ ዛሬውኑ ብፈታላት ደስ ባለኝ።» ይህን ብለው ወረቀቶቹን መለሱልኝ። ልክ ናቸው፤ አልተቀየምኋቸውም።

ጋሼ ወርቁ፣ አልጠይቅም ብዬ ነበር፤ ይኸው ጠየቅሁ። ቃሌን ያፈረስሁት እኔ ነኝ እንጂ እናቴ አይደለችም። አባቴን አይተውታል? ማን ቀበረው? በየትኛው ቀን ነው የሞተው?

ቀጸላ


ዴንቨር፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለቀጸላ በድሉ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለእናትሽም።

መልስ እንዳዘገየሁ አውቃለሁ። ደብዳቤሽን እንዳሻው ሲያነብልኝ እሺ አልሁትና ከኪሴ ከተትሁት። ሌላ ቀን ልጻፍልህ ሲለኝ ቆይ አልሁት። ቆየሁ። ዛሬ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ይዤ ኢስት ኮልፋክስ ከሚባለው ጎዳና መጣሁ። የሀበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ፈለግሁ። አማርኛ መጻፍ ትችላለህ ወይ አልሁት፤ እችላለሁ አለ። ናታን ይባላል፣ ታክሲ ይነዳል። የማያውቀኝ ሰው ነው የፈለግሁት። ምግብህ ይቀዘቅዝብሃል አልሁት፣ ምንም አይደል አባባ ብሏል። የምልህን ጻፍ፣ ፊቴን አትይ ብዬዋለሁ።

አባትሽ አልከዳም። የሞተው ጥር ሦስት ነው፣ በበዓታ፣ ጎህ ሲቀድ። የቀበርሁት እኔ ነኝ።

ሦስት ወራችን ታኅሣሥ ሃያ ሞላ። ተተኪ አልመጣም። ከተማው ተከቦ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ለሃምሳ አለቃው ጊዜያችን አልቋል አልነው። አውቃለሁ፣ በየት ትሄዳላችሁ አለን። እውነቱን ነው። ከኋላ ጠላት ነው፣ ከፊት ባሕር ነው። ውሃው ከደጋ በቧንቧ ነበር የሚወርደው፤ ቧንቧው ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በጀልባ የመጣውን በበርሜል አስቀምጠው በጣሳ ያድሉን ጀመር። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ። ያ አገር በጥርም ያቃጥላል። ግድግዳው ከባሕር በወጣ ነጭ ድንጋይ የተሠራ ነው፣ ከላዩ ጨው ይራገፋል።

ከእኛ አገር አሥር ነበርን። በድሉን ከገና በፊት ተቅማጥ ያዘው። ቀልደኛ ሰው ነበር፣ ይህን ነግረውሽ እንደሆነ አላውቅም። ሆዱ ሲይዘው «ወርቁ፣ ዋሴ አይደለህ፣ እስኪ አንዴ አንተ ውጣልኝ» ይለኝ ነበር። በኋላ መቀለድ ተወ።

የውሃው አሰጣጥ እንዲህ ነው። ሃምሳ አለቃው ከመዝገብ ስም ይጠራል፣ የተጠራው አቤት ብሎ ይቀበላል። የታመመ ከሆነ ዋሱ ይቀበልለታል። ዋስ ማድረግ ያለበት ይህንንም ነው። በድሉ ከተኛ ጀምሮ የሱን ጣሳ የምቀበለው እኔ ነበርሁ።

በበዓታ ጧት እሱ ሞቶ ተሰለፍን። ሃምሳ አለቃው በድሉ አለ። እኔ ታሟል አልሁ። ጣሳውን ሞላልኝ።

ተመካክረን አይደለም። ማንም በል አላለኝም፣ እኔ ነኝ ያልሁት። ጣሳውን ይዤ ወደ ዘጠኛችን ማደሪያ ገባሁ። በድሉ ጥግ ላይ ተሸፍኖ ነበር። አንድ አንድ ጉንጭ ተቀባበልን። ሲጠጡ ማንም የማን ነው ብሎ አልጠየቀም።

ጣራው የወደቀ አንድ ክፍል ነበር፣ በዚያኑ ቀን እዚያ ቀበርነው። በነጠላው ገነዝሁት። ራሱን ወደ ምዕራብ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ነጭ ድንጋይ ከመርሁበት። ቄስ አልነበረም። አባታችን ሆይ አልን። አፋችን ደርቆ ስለነበር ቶሎ ጨረስን።

አሥራ አንድ ቀን ታሟል አልሁ። ጥምቀትን በሱ ውሃ አሳለፍን።

በአቡነ አረጋዊ ዕለት በጀልባ አንድ መኮንን መጣ። የታመሙትን ጭኜ እወስዳለሁ፣ አውጡልኝ አለ። መዝገቡን አየ። በድሉ የሚባለው የታል አለ። ሬሳውን ብናሳየው የአሥራ አንድ ቀን ሬሳ ነው። ከወዲያኛው ምሽግ ሁለት ሰዎች ውሃ ሰረቁ ተብለው ሲረሸኑ እዚሁ ሆነን አይተናል። ስለዚህ ሌሊት ጠፋ አልሁት።

«የታመመ ሰው እንዴት ይጠፋል?» አለኝ።

«ተሽሎት ነበር» አልሁ።

ከዳ ብሎ ጻፈ። ዋሱ ማነው አለ፣ እኔ ነኝ አልሁ። ሃያ አምስት ጅራፍ ገረፉኝ። አፌን አልከፈትሁም። ስምንቱም ቆመው አዩ፣ እነሱም አልከፈቱም። አምስቱ እዚያው ቀርተዋል፣ ሦስቱ ደግሞ ቆይተው በየቦታው ሞተዋል፤ ወሬያቸውን ሱዳን ሳለሁ ሰምቻለሁ።

ወረቀቱ ወደ አገር ይሄዳል ብዬ አላሰብሁም ነበር። በኋላ ግን አሰብሁ። ወደ አገሬ ያልተመለስሁት መንገድ ጠፍቶብኝ አይደለም። ሮማነወርቅ አታውቅም። እንዳሻውም አያውቅም። አሁን ይህ ልጅ አወቀ፤ መጻፉን ቀጥል ብዬዋለሁ።

ያን ጊዜ አላለቀስሁም። ከዚያም በኋላ አላለቀስሁም። ቢመጣልኝ ኖሮ አልከለክለውም ነበር።

ይህንን ወረቀት ማኅተም አላስመታሁበትም። አውራ ጣቴ ይበቃል። የሞተበትን ቀን ለአባ ባስልዮስ ስጫቸው። የቀረውን ለእናትሽ ልንገራት አልንገራት የምትይ አንቺ ነሽ። አስታርቂኝ አልልሽም።

ወርቁ


ዓለም ከተማ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ወርቁ፣

ጤናዎን ይስጥዎ።

ደብዳቤዎ ሐምሌ ሃያ አምስት ደረሰኝ። ሦስት ቀን ለብቻዬ ያዝሁት። ከዚያ ለአባ ባስልዮስ ሰጠኋቸው፤ አንብበው ሲጨርሱ አጥፈው መለሱልኝና «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብቻ አሉኝ። ወልደ ሰንበት ነው አልኋቸው።

ፍትሐቱ ነሐሴ ሦስት፣ በበዓታ ተደርጓል። እናቴን አራት ሰዎች በቃሬዛ ወስደዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር አሳረፏት። ጥቁር ቀሚስ አሰፋሁላት፤ ሰውነቷ ስላለቀ በጣም ሰፋት። ለሦስት ቀን ለበሰችው። ሰው መጣ። ያስተማሩኝም መጥተዋል፤ ያ የሳቀው ሞቷል። ወንዝ ዳሯን የሚያርሰው ሰው አንድ ቁና ጤፍ ይዞ መጣና ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ለእናቴ ሁሉንም አነበብሁላት። ልዘልላት አስቤ ነበር፤ ዓይኔን እያየች ስለነበር አልቻልሁም። ቀልደኛ ነበር ያሉት ላይ ብቻ ራሷን ነቅንቃለች።

በማግስቱ ጠራችኝ። ድምፅዋ ስለደከመ ጆሮዬን ከአፏ አስጠጋሁ። እንዲህ አለችኝ፦

«ወርቁን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የበድሉን ውሃ መጠጣት የጀመሩት ከሞተ በኋላ ነው ወይስ ሳይሞት?»

«እማዬ፣ ከሞተ በኋላ ነው የሚለው፤ ይኸው ተጽፏል» አልኋት።

«ለሬሳ ታሟል ያለውን ነው የጻፈው። በሕይወት ሳለ ጣሳውን ሲቀበልለት ምን እንዳደረገው አልጻፈም። ጠይቂው።»

እኔ ይህን ልጠይቅዎ አልፈለግሁም። ፍትሐቱ ተደርጓል፣ ለእኔ በቅቶኛል። እሷ ግን መልሱ እስኪመጣ እቆያለሁ ብላለች። ሐኪሙ ከመስከረም አታልፍም ብሎናል።

ቀጸላ


አውሮራ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብዙዬ፣ በልጅሽ በቀጸላ እጅ፣

ብዙዬ፣ ይህ ሲነበብ በሕይወት ካለሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከሌለሽ ቀጸላ ታንብበውና ትወቀው።

ደብዳቤው በመስቀል ሰሞን ነው የደረሰኝ። ናታን ካነበበልኝ በኋላ የያዝሁት እኔ ነኝ፤ በመንገድ አልዘገየም። ትላንት ማታ ሮማነወርቅ ከሥራ ስትመጣ የቀጸላን ደብዳቤዎች ሁሉ ከሳጥኔ አውጥቼ አንብቢ አልኋት። ጫማዋን ሳታወልቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች። «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ይህን የምትጽፈው እሷ ናት። አንድ ቃል አታስተካክይብኝ፣ እንዳልሁ ጻፊ ብያታለሁ።

የጠየቅሽውን እመልስልሻለሁ።

ሲታመም የሱን ጣሳ እሱ ነበር የሚጠጣው። እኔ አጠጣው ነበር። ይህን ለመመስገን አልናገርም፤ ዋሱ ነበርሁ።

ጥር ሁለት ጧት የተቀበልሁትን ጣሳ ወሰድሁለት። ራሱን ከጭኔ ላይ አድርጌ አፉን በጣቴ ከፍቼ አፈሰስሁለት። መዋጥ አልቻለም። በጢሙ ወረደ። የወረደውን በመዳፌ ጠርጌ ላስሁ። ጣሳው ውስጥ የቀረውንም ጠጣሁት። ለስምንቱ አልሰጠኋቸውም፣ አልነገርኋቸውምም።

ማታ ሃምሳ አለቃው በድሉ አለ። ታሟል አልሁና ተቀበልሁ። ይዤ ስገባ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር። ጣሳውን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ጧት አልዋጠም፣ አሁንም አይውጥም ብዬ በሩ ላይ እንደቆምሁ ጠጣሁት።

ቢሞከር ይውጥ አይውጥ አላውቅም። ማታ አልሞከርሁም።

ወርቁ